“ሶዲየም” ስለተባለ ብቻ አይቃጠልም ማለት አይደለም

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ የመርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል በዓይኑ ወይም በስልኩ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። የዚያን እሳት መነሻ ከባትሪ ጋር ላያይዝ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ የሚቀጥለው ነው።

ዛሬ መርካቶ ውስጥ ፓወር ባንክ፣ የስልክ ባትሪና የሶላር ባትሪ ከጨርቅና ከካርቶን ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ትልልቁ የመኪና ባትሪም እየመጣ ነው። ሲያረጅ የት ይሄዳል? ያረጀ ነገር ሁሉ ወደሚሄድበት፣ ወደ ምናለሽ ተራ። እዚያ ደግሞ ዕቃ የሚፈታው በመዶሻና በመሮ ነው።

የሊቲየም ባትሪ ውስጥ በሁለቱ ዋልታዎች መካከል አዮን የሚያመላልስ ኤሌክትሮላይት የሚባል ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው። ባትሪው ሲበሳ ወይም ሾርት ሲያደርግ የሚነድደው አንዱ እሱ ነው።

“ሶዲየም እየመጣ ነው፣ እኛ ደግሞ የአፋር ጨው አለን” የሚሉ ወገኖች አሉ። አባባሉ ደስ ይላል። አያቶቻችን በአሞሌ ገበያ ወጥተዋል፤ ሶዲየምም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከሊቲየም በሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ግን ገበያ ላይ ካሉት የሶዲየም ባትሪዎች አብዛኞቹ እነሱም ተቀጣጣይ ፈሳሽ የያዙ ናቸው።

ፈሳሹን በጠጣር መተካት አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 የፎርድ ተመራማሪዎች ሶዲየም በፍጥነት የሚያሳልፍ ቤታ አሉሚና የተባለ ሴራሚክ አሳዩ። በ1976 ደግሞ ጆን ጉድኢናፍና ባልደረቦቹ ናሲኮንን አስተዋወቁ። ሴራሚክ አይነድድም። ታዲያ ለምን መርካቶ አልደረሰም?

ችግሩ መገናኛው ላይ ነው። ሁለት ሸክላ ብታነባብሩ የሚነካኩት በጥቂት ነጥብ ብቻ ነው። ፈሳሽ ቀዳዳውን ሁሉ ይሞላል፤ ጠጣር ግን አይሞላም። ባትሪው ሲሞላና ሲወርድ ዋልታዎቹ ያብጣሉ፣ ይሟሽሻሉ፤ የነበረውም ንክኪ ይላቀቃል። ያኔ ኤሌክትሪኩ በቀረችው ነጥብ ላይ ይጨናነቃል፤ የሶዲየም ብረት እንደ ክር በስንጥቁ ገብቶ ወዲያ ማዶ ሲደርስ ሾርት ያደርጋል። የሶዲየም ብረት ደግሞ ውኃ ሲነካው ይፈነዳል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ በቧንቧ ሊያጠፋው ሲመጣ አስቡት።

ስለዚህ ጨው መኖሩ ብቻውን የትም አያደርሰንም። ጨው ርካሹ ክፍል ነው፤ ዋጋው ያለው ሴራሚኩና መገናኛው ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የማቴሪያል ሳይንስ ክፍሎች መሥራት ያለባቸውም እዚያ ላይ ነው።

ያ እስኪሆን ግን መርካቶ መጠበቅ አትችልም። ባትሪ ከጨርቅ የተለየ መጋዘን ይኑረው። አስመጪው ውስጡ ምን እንዳለ በአማርኛ ይጻፍበት። ለምናለሽ ተራ ሠራተኞችም ያረጀ ባትሪ ሳይበሱ የሚያስረክቡበት፣ ገንዘብ የሚከፍል ቦታ ይከፈት። ካልተከፈላቸው መዶሻውን አይጥሉም፤ ልንፈርድባቸውም አንችልም።