ከድልድዩ ሥር ባዶ ቦታ የለም

በአዲስ አበባ ማሳለጫዎችና ከፍ ብለው የሚሄዱ ሐዲዶች ሲበዙ አንድ አነጋገርም አብሮ ተለምዷል፦ «ከድልድይ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ለሕዝብ ጥቅም እናውለው።» ሐሳቡ ቅን ነው። ስሕተቱ ያለው «ባዶ» በምትለው ቃል ላይ ነው።

ከስታዲየም በሜክሲኮ ወደ ልደታ በእግሩ የሄደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በምሰሶዎቹ ጥላ ሊስትሮው ሣጥኑን ያኖራል፤ ሎተሪ አዟሪው አረፍ ይላል፤ የክረምት ዶፍ ሲወርድ አላፊ አግዳሚው ይጠለላል። ማታ ደግሞ ማደሪያ ያጣ ሰው ካርቶኑን ያነጥፋል። ታዲያ ቦታው ባዶ የሚመስለው ለማን ነው? በመኪና ለሚያልፍ ብቻ።

«ባዶ ነው» ተብሎ የተጀመረ ሥራ ፍጻሜው አስቀድሞ ይታወቃል። ሰዎቹ ይነሣሉ፣ አጥር ይቆማል፣ አበባ ይተከላል፣ ወይም መኪና ይደረደርበታል። አበባውን አልጠላም። ሽማግሌ የማይቀመጥበትን፣ ልጅ የማይሮጥበትን ቦታ ግን የሕዝብ ብሎ መጥራት ሕዝቡን መደለል ነው። ካርቶን ላነጠፈውም ሰው የሚያስፈልገው ቤት ነው፤ እሱን ገፍቶ ማስዋብ ችግሩን ወደ ሌላ ድልድይ ሥር ማዛወር ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ የአሜሪካዋ ሳን ዲዬጎ ትመስክር። ባሪዮ ሎጋን የተባለው የሜክሲኮ ተወላጆች ሰፈር መጀመሪያ በፈጣን መንገድ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1969 በተከፈተው የኮሮናዶ ድልድይ ተሰነጠቀ። ነዋሪው ከድልድዩ ሥር መናፈሻ ሲጠብቅ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1970 ቡልዶዘሮች ለመንገድ ፖሊስ ጣቢያ መሬቱን ሲጠርጉ አገኘ። እጅ ለእጅ ተያይዞ ከበባቸው፤ 12 ቀን አልለቅም ብሎ ዛፍና ቁልቋል ተከለ፤ መሬቱንም አስመለሰ። ከ1973 ጀምሮ ምሰሶዎቹ የሰፈሩን ታሪክ በሚተርኩ ሥዕሎች ተሸፈኑ። ቺካኖ ፓርክ ዛሬ በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል። ያ ቦታ የጸናው ሰፈሩ የእኔ ስላለው ነው።

መሐንዲሶች የሚያነሡት ሥጋት ግን እውነት አለው። ድልድይ መፈተሽ አለበት፤ ከምሰሶ ሥር የሚነድ እሳትም ኮንክሪት ይጎዳል። ስለዚህ እሳት ይከልከል፤ መደብር የሚቆም ከሆነም በቀላሉ የሚነሣ ይሁን፤ የምሰሶው ዙሪያም ክፍት ይተው። ይህ ሁሉ ደንብ የሚጠይቅ ነው፤ ሰው ማባረር አይጠይቅም።

ንድፍ አውጪው እርሳስ ከማንሣቱ በፊት አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል በሐምሌ፣ ከምሰሶው ሥር ይቀመጥ። ውኃው ከየት እንደሚንጠባጠብ፣ ሲመሽ የትኛው ጥግ እንደሚያስፈራ፣ መጸዳጃ በማጣት ማን እንደሚቸገር ሊስትሮው ይነግረዋል። ቦታው ሲታነጽም ያ ሊስትሮ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ ይሁን፤ ሣጥኑም ከነበረበት አይነሣ።