ያልተቆጠረ ችግር ገንዘብ አያገኝም

የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው የመኪና አደጋን ወይም ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ የወደቀን ሰው ነው። ይሁንና ጉዳቱ ሕፃኑ በማኅፀን ሳለም ሊጀምር ይችላል። የኅብለ ሰረሰሩ መሸፈኛ ሳይገጥም ሲቀር ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍተት ወይም እብጠት ይዞ ይወለዳል፤ በሕክምናው ቋንቋ ስፓይና ባይፊዳ ይባላል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ መራመድም ሆነ ሽንታቸውን መቆጣጠር ይቸግራቸዋል። ይህ እርግማን አይደለም። ከዋና ዋና መንስኤዎቹ አንዱ ፎሌት የተባለው ቫይታሚን እጥረት ነው።

ለዚህ ማስረጃው ምንድን ነው? የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

አስቸጋሪው ነገር ጊዜው ነው። ክፍተቱ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ ባሉት 28 ቀናት ውስጥ ነው። ብዙ እናት ማርገዟን አውቃ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል የምትቀበለው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ቫይታሚኑ አስቀድሞ በዕለት ምግቧ ውስጥ መገኘት አለበት። ለዚህም በ2014 ዓ.ም የፋብሪካ ስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ ግዴታ ሆኗል።

እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ። በቤንችና በሸካ ገጠር የሚኖር የቡና ገበሬ ቤተሰብ የሚበላው ቆጮ፣ ጎደሬና በሰፈር ወፍጮ የተፈጨ በቆሎ ነው። የፋብሪካው ዱቄት ስንቱ ቤት ይገባል? ጨው ግን ሁሉም ቤት ይገባል፤ በጨው ላይ ፎሊክ አሲድ ስለመጨመርም በአገራችን ጥናት ተጀምሯል። ታዲያ ለእኛ እናቶች የሚበጀው ጨው ነው፣ እንክብል ነው ወይስ የጓሮ ጎመንና አደንጓሬ?

በእኔ እምነት ይህን ጥያቄ አንስቶ መመለስ ያለበት በ1999 ዓ.ም የተቋቋመው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከነማስተማሪያ ሆስፒታሉ ነው። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። ለምርምር ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ የሚሰጡት ግን ጥያቄውን ለይቶ፣ በሩንም ለይቶ ላንኳኳ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2004 በኦስትሪያ የተመሠረተው «ዊንግስ ፎር ላይፍ» ትኩረቱ የተጎዳ ኅብለ ሰረሰርን በማዳን ላይ ነው። የእኛ ጥያቄ በዚያ በር አይገባም፤ የሚገባው በእናቶችና ሕፃናት ሥነ ምግብ በር ነው።

ስለዚህ ወጣት ተመራማሪዎች፣ ጥሪውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ፕሮፖዛላችሁ የችግሩን መጠን ከሆስፒታሉ መዝገብ ያሳይ። ምን እንደምትለኩ፣ ለምሳሌ በእናቶች ደም ውስጥ ያለውን ፎሌት፣ በግልጽ ይናገር። የደም ናሙናው የሚጓጓዝበትና የሚመረመርበት ወጪ በበጀቱ ይግባ። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይኑረው። በውጤቱ ማን ምን እንደሚሠራበትም ይጥቀስ። ከተፈቀደው ገጽ አይለፍ፤ ከቀኑም አይዘግይ።

እኛስ ምን እናድርግ? መዝገቡ ባዶ ከሆነ ተመራማሪዎቹን ማንም አያምናቸውም። ቤት ውስጥ ተወልዶ የተደበቀ ወይም ሞቶ የተቀበረ ልጅ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ችግር ደግሞ ገንዘብ አያገኝም። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ በመጀመሪያ ለራሱ ሕክምና፣ ቀጥሎም ከእሱ በኋላ ለሚወለዱት።

ለማርገዝ የምታስቡ እኅቶች ደግሞ ጥናቱን አትጠብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውን በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ለመጀመር ከወዲሁ የጤና ባለሙያ አማክሩ። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት የሚያስፈልጋት መጠን ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ስለሆነ በሐኪም ትእዛዝ ትውሰድ።