ልጁ ይማር፤ ወረቀቱ ይከተለው

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነዋሪዎች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ ዳርቻ ሄዱ። ቤት ሲርቅ ልጅ ትምህርት ቤት መለወጡ ግድ ነው። ወላጅ ዝውውር ሲጠይቅ ግን አንደኛው ትምህርት ቤት «መሸኛ አምጡ»፣ ሌላው «የሚቀበለው መኖሩን አረጋግጡ» እያለ የሚያመላልስበት ጊዜ አለ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ መሸኛ አይጠብቅም።

ሐሰተኛ ካርድ እንዳይገባ መጠንቀቁ ተገቢ መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ጽሕፈት ቤት ከጽሕፈት ቤት ይጻጻፍ እንጂ እናት መልእክተኛ አትሁን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ስለዚህ ልጁ ዛሬ ክፍል ይግባ።

እኛም ማመልከቻ መጻፍ ለሚቸግራቸው ወላጆች ብዕራችንን እናውስ።