“ጉልበቴን አመመኝ” ሲላችሁ ዳሌውንም አስመርምሩት



ልጃችሁ ኳስ ተጫውቶ ሲመለስ “ጉልበቴን አመመኝ” ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኛ ቤት መልሱ የታወቀ ነው፦ “ከኳስ ነው፣ ይለቅሃል።” ካልለቀቀው ደግሞ “እያደግህ ስለሆነ ነው” ይባላል። ባለፈው መስከረም ለጊፋታ ወደ ሻንቶ እስክሄድ ድረስ እኔም እንዲሁ ነበር የማስበው።

የታላቅ እህቴ ልጅ 13 ዓመቱ ነው። ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያሰናብት ገና ትንሽ ልጅ ነበር፤ ታሪኩን እየሰማ አድጎ ኳስ ካልነካ እንቅልፍ የማይወስደው ሆኗል። በበዓሉ ቀን ግን እኩዮቹ ሜዳ ሲወርዱ እሱን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲነሳ ያነክሳል፤ የቀኝ እግሩ ጣቶች ወደ ውጭ ዞረዋል።

“ከነሐሴ ጀምሮ ጉልበቱን ያመዋል” አለችኝ እህቴ። ሁለት ጊዜ ወጌሻ ዘንድ ወስዳው ታሽቷል። በሁለተኛው ቀን ወጌሻው ራሳቸው “ጉልበቱ ምንም የለውም፤ ሐኪም ይየው” ብለው መለሱት። አንድ ጤና ተቋምም ሄዶ ነበር፤ ጉልበቱን ራጅ ተነሥቶ “ደህና ነው” ተባለና ማስታገሻ ይዞ ተመለሰ።

በማግስቱ ሶዶ ወሰድነው። የአጥንት ሐኪሙ በጀርባው አስተኝቶ ጭኑን ወደ ሆዱ አጠፈው። እግሩ ቀጥ ብሎ በመታጠፍ ፈንታ በራሱ ወደ ውጭ ዞረ። ሐኪሙ ወዲያው የሁለቱንም ዳሌ ራጅ አዘዘ። ውጤቱን ሲያይ “እህቴ፣ ከአሁን ጀምሮ በዚህ እግሩ እንዳይረግጥ” አላት።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። በሥራዬ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፦ ደንበኛ የሚያማርረው ካሸሯ ላይ ነው፤ ስህተቱ ግን መጋዘን ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሰውነትም እንዲሁ ነው። ወደ ዳሌ የሚሄዱ ነርቮች ወደ ጭንና ወደ ጉልበትም ስለሚወርዱ፣ የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል።

ምን ሆኖ ነበር?

የዳሌ መገጣጠሚያ ጽዋ ውስጥ እንደገባ ኳስ ነው። ኳሱ የጭን አጥንት ራስ ነው። በሚያድጉ ልጆች ራሱ ከአንገቱ ጋር የሚያያዘው አጥንት በሚያድግበት ለስላሳ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ሲላላ ራሱ ከአንገቱ ላይ፣ አክንባሎ ከምጣድ ላይ እንደሚንሸራተት፣ ይንሸራተታል። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 16 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይታያል። በወንዶችና ክብደታቸው ከፍ ባለ ልጆች ላይ ይበዛል፤ ቀጫጭኖችን ግን አይምርም።

ሕክምናው ባለበት በብሎን ማሰር ነው። ከዘገየ መንሸራተቱ ይብሳል፤ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ከተቋረጠ ደግሞ ራሱ ሊሞትና መገጣጠሚያው በወጣትነት ሊበላሽ ይችላል። በማሸት ወይም በመጎተት ወደ ቦታው አይመለስም፤ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል።

ሯጮችና ሌሎች ስፖርተኞች

በስፖርተኞች ላይ በብዛት የሚታየው የብሽሽት ጡንቻ መሳብ ነው፤ በዕረፍት፣ በበረዶና በፊዚዮቴራፒ ይድናል። የጽዋው ጠርዝ ላይ ያለው ለስላሳ ቀለበት ሲቀደድ ደግሞ ብሽሽት ውስጥ ይወጋል፤ ሲዞሩም ቀጭ ይላል። ብዙ ሰው በፊዚዮቴራፒ ይሻለዋል፤ ያልተሻለው በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ ይታከማል።

ሯጭ ልጅ ያላችሁ ለአንድ ነገር ልዩ ትኩረት ስጡ፦ የጭን አጥንት አንገት ላይ ለሚወጣ ስንጥቅ። ልምምድ በድንገት ሲጨመር፣ ምግብ ሲያንስ፣ በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ሲቀር አጥንት ይደክማል። ሕመሙ ብሽሽት ላይ ይጀምራል፤ በአንድ እግር ሲዘሉ ይብሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል ኤምአርአይ ሊያስፈልግ ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት ለሳምንታት በክራንች መሄድ ሊበቃ ይችላል። እየሮጡበት ሙሉ በሙሉ ከተሰበረ ግን ከባድ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

የተጎዳ ዳሌ ሁልጊዜ የስፖርት መጨረሻ አይደለም። ዳሌው የተጎዳበት ብሪታኒያዊው ቴኒስ ተጫዋች አንዲ መሪ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 የአጥንቱ ራስ በብረት ተሸፍኖለት፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር አንትወርፕ ላይ የነጠላ ዋንጫ አንሥቷል።

መቼ ወደ ሐኪም?

ልጁ ካነከሰ፣ የጉልበት ወይም የብሽሽት ሕመሙ ከአንድ ሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም እግሩ ወደ ውጭ ከዞረ አትጠብቁ። የጉልበት ራጁ ደህና ከሆነና ሕመሙ ካልለቀቀው “ዳሌውንስ አይታችሁታል?” ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ሐኪም መናቅ አይደለም።

ሕፃን ልጅ ትኩሳት ኖሮት በእግሩ አልረግጥም ካለ መገጣጠሚያው አመርቅዞ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ከከባድ አወዳደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ እግሩ ካጠረና ከዞረም ማንም አይጎትተው። የወለቀ ዳሌ በ6 ሰዓት ውስጥ በሐኪም እንዲመለስ ይመከራል።

የእህቴ ልጅ በብሎን ታስሮለት ለወራት በክራንች ሄደ። አሁን ያለ ክራንች ይራመዳል፤ ኳስ ግን ገና አልተፈቀደለትም። ሌላኛው ዳሌም ሊንሸራተት ስለሚችል በየጊዜው በራጅ ይታያል። እህቴ “እያደገ ነው እያልኩ...” ትልና ዝም ትላለች። “እኔም እንደዚያው ነበር የምለው” አልኳት።

እሱ ሜዳ ዳር ተቀምጦ ነጥብ ይይዛል። ባለፈው “አክስቴ፣ ዳኛ መሆንስ ይፈቀድልኛል?” አለኝ። ዳኛም ይሮጣል አልኩት። “ስለዚህ እጠብቃለሁ” አለ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።