መንጃ ፈቃድ ካገኘን በኋላ



በጉባኤያችን መካከል «መንጃ ፈቃድ አገኘሁ» ብሎ ለምስክርነት የሚቆም ወጣት አይጠፋም። እልል እንላለን፣ ጌታን እናመሰግናለን፤ ተገቢም ነው። ተምሮ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና አልፏል። እኛን የሚያሳስበን ግን ከእልልታው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ «አነዳድህስ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ፈተናው የሚለካው ጥቂቱን ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ፣ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ይችላል። በሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግን በደንብ የሚለምደው ከቆየ ሾፌር ጎን ተቀምጦ ነው። የክረምት ዝናብና ከፊት የሚመጣ ረጅም መብራትም እንዲሁ ናቸው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስልክ ለማየት ሁለት ሴኮንድ ዓይናችንን ብናነሳ 28 ሜትር በጭፍን ሄድን ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የነጂው ብቻ አይደለም።

«ጌታ ይጠብቀናል» የሚል መልስ እንሰማለን። አዎን፣ ይጠብቃል፤ ይህን እናምናለን። ነገር ግን ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ከጣራው ወድቆ የደም ዕዳ እንዳይሆንበት መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል። እስራኤላዊው በእግዚአብሔር ጥበቃ ስለታመነ መከታውን አልተወም። ፍሬንን ማስመርመር፣ ቀበቶ ማሰር፣ ፍጥነት መቀነስ ለእኛ ያ መከታ ነው።

ሌላው ችግር ይሉኝታችን ነው። ታላቅ ሰው መሪ ሲይዝ ከኋላ የተቀመጡት ልባቸው እየራደ ዝም ይላሉ፤ ቢበዛ በውስጣቸው ይጸልያሉ። ይህ ትሕትና አይመስለንም። ጥሩ ነጂ የሚሆነው «ትንሽ ቀስ በል» ሲባል የማይቆጣ ሰው ነው። በነገራችን ላይ፣ የነገውን ስብከት እያሰላሰለ የሚነዳ መጋቢ ከማንም በላይ ተናጋሪ ያስፈልገዋል።

የኮንፈረንስ ወቅት እየመጣ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ሚኒባስ ሲከራዩ ስለ ዋጋው ብዙ ይከራከራሉ። ሾፌሩ ያን መንገድ ስንት ጊዜ እንደነዳው፣ ሌሊቱን ተኝቶ እንደሆነም ይጠይቁ። የኳየር ልጆች ጎማው ያለቀ መኪና ውስጥ «አንገባም» ቢሉ፣ ሽማግሌዎች እምነት ጎደላቸው ብለው አይገሥጿቸው። ሌላ መኪና ይፈልጉላቸው።