ገጽ ያለቀበት ፓስፖርት



ከእኛ መካከል ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ውጭ አገር ሄዶ የበለጠ ለመማር የማይመኝ ጥቂት ነው። ስለዚህም በየመኝታ ቤቱና በየሻይ ቤቱ ስለ ስኮላርሺፕ፤ ስለ ፈተና ውጤት፤ ስለ ቪዛ ሌት ተቀን እናወራለን። ቪዛው ስለሚለጠፍበት ወረቀት ግን አንድም ሰው ሲያነሣ ሰምቼ አላውቅም። እኔም በአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰውን እስካይ ድረስ አስቤበት አላውቅም ነበር።

የአክስቴ ልጅ ለትምህርት ከመሄዱ በፊት ለአንድ ነጋዴ ዕቃ ለማምጣት ወደ ዱባይና ወደ ቻይና ይመላለስ ነበር። በኋላም ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በዚያው ፓስፖርት ወደ አንድ የእስያ አገር ሄደ። የአገሩንም ሆነ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለምና። በዚያ አገር የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ፈቃዱም በፓስፖርቱ ላይ የሚለጠፍ፤ አንድ ሙሉ ገጽ የሚይዝ ወረቀት ነው። በሦስተኛው ዓመት ፈቃዱን ለማራዘም ሲቀርብ ጸሐፊው ፓስፖርቱን ከፊት ወደ ኋላ፤ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠና «ንጹሕ ገጽ የለም» ብሎ መለሰለት። ፓስፖርቱ ግን ገና የአሥራ አራት ወር ዕድሜ ነበረው።

አዲስ ፓስፖርት እንዲሰጠው አመለከተ። ማመልከቻው ወደ አዲስ አበባ ተልኮ፤ ደብተሩ እዚህ ታትሞ እስኪመለስ መጠበቅ ነበረበት። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። የመኖሪያ ፈቃዱ ቀን ግን አልጠበቀውም። በዚህ መካከል እናቱ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገቡ። እንዳይመጣ፤ ከወጣ ተመልሶ የሚገባበት ፈቃድ የለውም። እንዳይቀመጥ፤ ያለ ፈቃድ ለተቀመጠበት ለእያንዳንዱ ቀን መቀጮ ይቆጠርበታል። ወደ አገር ለመግባት ብቻ የሚያገለግለውን ሊሴ ፓሴ ቢወስድም ትምህርቱን ጥሎ መምጣቱ ነው።

ከልደታ ኮንዶሚኒየም ከሚገኘው ቤታቸው አክስቴን ወደ ሆስፒታል የወሰድኳቸው እኔ ነበርኩ። በመንገድ ላይ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «አንተ ልጅ፤ ገጽ አለቀ ማለት ምን ማለት ነው? ደብተር ካለቀ ሌላ ወረቀት አይሰፋበትም እንዴ?» በጊዜው መልስ አልነበረኝም። ይህም ጽሑፍ የተጻፈው ያን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

በእርግጥ የአክስቴ ሐሳብ የዋህ ሐሳብ አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት ለዜጎቹ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 መጨረሻ ድረስ ልክ እርሳቸው እንዳሉት ያደርግ ነበር፤ ገጽ ላለቀበት ሰው 24 ገጽ በፓስፖርቱ ላይ ይጨመርለት ነበር። ከ2016 መጀመሪያ አንሥቶ ግን ይህ ቀረ። ምክንያቱም ደብተሩ በአንድነት ታትሞ፤ ገጹ በሙሉ ተቈጥሮ የሚወጣ በመሆኑ፤ ኋላ የሚጨመር ወረቀት የደብተሩን ጥብቅነት ይቀንሳል የሚል ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ መጨመሩን የከለከለው መንግሥት ያኔ ዜጋው ባለ28 ወይም ባለ52 ገጽ ደብተር እንዲመርጥ ፈቅዷል። አንዱን በር ሲዘጋ ሌላውን ከፍቷል ማለት ነው።

ባለ32 ገጹ ደብተር ከወዴት መጣ? ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፤ እ.ኤ.አ. በ1920፤ የመንግሥታት ማኅበር በፓሪስ ስለ ፓስፖርት ባደረገው ጉባኤ መንግሥታት ሁሉ አንድ ዓይነት ባለ32 ገጽ ደብተር እንዲይዙ ተመከረ። ያ ዘመን ሰው በመርከብና በባቡር የሚጓዝበት፤ ማኅተሙም ትንሽ የሆነበት ዘመን ነበር። ዛሬ ግን የፓስፖርት ገጽ ስፋት 125 በ88 ሚሊ ሜትር ሲሆን፤ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት ትልቁ የቪዛ ተለጣፊ 120 በ80 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ አንድ ቪዛ አንድ ገጽ በላ ማለት ነው፤ የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ደግሞ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ የሸንገን አገሮች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት የቪዛ ሕግ አመልካቹ ቢያንስ ሁለት ባዶ ገጽ እንዲኖረው ያስገድዳሉ። ስለዚህ ፓስፖርት «የሚያልቀው» የመጨረሻው ገጽ ሲሞላ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሳጫውታቸው «ማኅተም የሚባል ነገር እየጠፋ ነው፤ ስለምን ትጨነቃለህ?» ይሉኛል። እውነት አላቸው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2022 በፓስፖርት ላይ የሚለጠፈውን የመኖሪያ ፈቃድ አስቀርተው በመታወቂያ ካርድ ተክተውታል። የሸንገን አገሮችም ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ የድንበሩን ማኅተም በኤሌክትሮኒክ መዝገብ መተካት ጀምረዋል። ነገር ግን ለውጡ በሁሉም አገር እኩል አይደርስም። ተለጣፊው ባለበት አገር ያለ ተማሪ ዓለም እስኪለወጥ ድረስ ፈቃዱን ሳያራዝም ሊቀመጥ አይችልም።

ሌሎች ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ተቃውሞ ያቀርባሉ፤ «አገር ውስጥ የመጀመሪያ ፓስፖርቱን ለማግኘት የሚጉላላ ሕዝብ እያለ ስለ ጥቂት የውጭ አገር ተማሪዎች ማልቀስ የቅንጦት ነው» ይላሉ። ይህን ሐሳብ አከብራለሁ። ሆኖም ሁለቱ ችግሮች አንድ ሥር አላቸው እላለሁ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገሩ የመውጣት ነጻነትና ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጹ 32፤ የደብተሩም ገጽ 32 መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በሁለተኛው ሊወሰን አይገባውም። ፓስፖርት የዜጋው መገልገያ እንጂ ዜጋው ለፓስፖርቱ የተፈጠረ አይደለም። ይህ አስተሳሰብ ከሠረጸ እዚህ ተሰልፎ የሚያድረውም ሆነ እዚያ ታግዶ የተቀመጠው በአንድነት ይጠቀማሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ እንደሚመስለኝ ሦስት ነገር በቂ ነው።

አንደኛ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ለሚቈይ ትምህርት ወይም ሥራ የሚሄድ ሰው ገጹ የበዛውን ደብተር የማግኘት ዕድል ይኑረው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአገራችንም ከባለ32 ገጹ ሌላ ባለ64 ገጽ ፓስፖርት ሲሰጥ የቈየ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ የገጹም ጉዳይ አብሮ ቢታሰብበት መልካም ነው።

ሁለተኛ፤ ገጽ ያለቀበት ፓስፖርት ጊዜው እንዳለፈበት ፓስፖርት ይቈጠር። ባለቤቱ ሲያመለክት በዚያው ቀን «ይህ ሰው ዜጋችን ነው፤ አዲስ ፓስፖርት እየተሠራለት ነው» የሚል ደብዳቤ በማኅተም ይሰጠው። አንድ ገጽ ደብዳቤ የተማሪን አንድ ዓመት ሊያድን ይችላል።

ሦስተኛው የእኛው የራሳችን ነው። መንግሥትን ስንወቅስ የራሳችንን ስንፍና መሸሸግ አይገባንም። የአክስቴ ልጅ ለትምህርት ሲነሣ ደብተሩ ከግማሽ በላይ እንደሞላ ያውቅ ነበር፤ ግን አልቈጠረውም። ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ። ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ወደ ውጭ ለሚሄዱ ሁሉ አንዲት ወረቀት አባዝቶ ቢያድል ደስ ይለኛል። ወረቀቷም እንዲህ ትበል፤ ከመነሣትህ በፊት ባዶ ገጾችህን ቍጠር፤ ከሚያስፈልግህ በታች ከሆኑ እዚሁ ሳለህ ለውጥ። ድንበር ላይ ማኅተም ሲመታ ቀድሞ በተነካ ገጽ ላይ እንዲመታልህ በትሕትና ለምን። አራት ገጽ ሲቀርህ አመልክት፤ አንድ እስኪቀር አትጠብቅ። አዲሱን ስትቀበል አሮጌውን አትጣል፤ ለምሳሌ የአሜሪካ ቪዛ ጊዜው ካላለፈበትና ካልተበላሸ በአሮጌው ፓስፖርት ላይ እንዳለ ከአዲሱ ጋር ይሠራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የአክስቴ ልጅ አዲሱ ፓስፖርት የደረሰው በአራተኛው ወር ነው። መቀጮውን ከፈለ፤ የትምህርቱ መንፈቅ ግን አመለጠው። አክስቴ እግዚአብሔር ይመስገን ድነዋል፤ ሆኖም ከአልጋቸው አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ እንጂ ልጃቸው አልነበረም። ዛሬም በስልክ ሲያገኙት አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ጤናው አይደለም፤

«ስንት ገጽ ቀረህ?» ይሉታል።

ከልደታ፤ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ