ፈረንጁን ከፊት ወንበር አንሱልኝ

ደሜ የሚፈላው ፈረንጁ ስለመጣ አይደለም። ይምጣ፤ ከተማችን ግምጃ ቤት እንግዳ አሳፍራ አታውቅም። የሚያንገበግበኝ የኛ ሰዎች ሥራ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ጉባኤ ተጠርቶ አንድ የዕርዳታ ድርጅት በጎ ፈቃደኛ ከተገኘ አበቃ! ከካህናቱ ጎን ወንበር ይዘረጋለታል፣ ነጠላ ይደረብለታል፣ ማይክ የያዘው አስተባባሪ ድምፁ ይለወጣል። ፈረንጁ የሰጠው ብር እየተደጋገመ ይታወጃል፣ እልልታው ይቀልጣል። ከኋላ የዲከረንስ ዛፍ ከሰሏን ሸጣ የመጣች እናት መቀነቷን ፈትታ የሰጠችውን ግን ማንም ጮክ ብሎ አይጠራውም። የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ስንሰብክ የኖርነው እኛ!

ከሁሉም የከፋው ፎቶው ነው። የአብነት ተማሪዎች ደበሎ እንደለበሱ፣ አኩፋዳ እንዳነገቱ ይሰለፋሉ። ቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ የሚዞረው ርቦት ብቻ አይደለም፤ ራስን ዝቅ ማድረግ የትምህርቱ አካል ስለሆነም ነው። ዳዊቱን ደግሞ፣ ዜማውን ዘልቆ፣ ነገ ቅኔ የሚዘርፍ ሰው ነው። ለዚህ ትምህርት ስንቱ ከየአገሩ ጎጃም ሲፈልስ ኖሯል! ካሜራ ፊት ሲቆም ግን የረሃብ ማስታወቂያ ይሆናል። ስሙን ማንም ሳይጠይቀው በፊቱ ባሕር ማዶ ይለመንበታል። ፎቶ አንሺው ይህን ላያውቅ ይችላል። አጠገቡ ቆሞ «እንዳትስቁ» የሚለው የኛው ሰው ግን አሳምሮ ያውቃል።

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። በ1984 እ.ኤ.አ. የኮረም ረሃብ በቢቢሲ ከታየ በኋላ ቦብ ጌልዶፍ ዘፋኞችን ሰብስቦ ያወጣው ዘፈን፣ የተራቡት የገና በዓል መሆኑን ያውቁ እንደሆነ በርዕሱ ይጠይቃል። ክርስትናን በአራተኛው ክፍለ ዘመን የተቀበለን አገር! ገንዘቡ ነፍስ ማትረፉን አልክድም። ዘፈኑ በ2024 አርባ ዓመት ሲሞላው ግን በ2014ቱ ቅጂ ላይ ያንጎራጎረው ኤድ ሺራን፣ ድምፄን ዳግም ለመጠቀም ቢጠይቁኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር አለ። እነሱ ማፈር ጀምረዋል፤ እኛ ገና እንሰለፋለን።

«ኩራት ራት አይሆንም» የሚሉኝ አሉ። ልመናስ ሆነ? በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ እህሉ እየተሰረቀ ነው ብላ በመላው ኢትዮጵያ የምግብ ዕርዳታ አቆመች። በጥር 2025 ደግሞ የውጭ ዕርዳታ በአንድ ፊርማ ታገደ። የሰው እጅ እንዲህ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ግን ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱን ሸልሞ የሚወጣው ገበሬ ጌጡን ከማን ለምኖ ያውቃል? ፈረንጅ ቢመጣ ዳር ቆሞ ያያል፤ ማንም ቅር አይለውም።

ደግሞ ፈረንጅ ሁሉ አንድ አይደለም። የፊስቱላ ሐኪሟ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. መጥታ በ2020 እዚሁ አረፈች፤ ባሕር ዳር ያለው የፊስቱላ ማዕከሏ ዛሬም የኛን እናቶች ያክማል። እሷን ማንም የፊት ወንበር ላይ ጎልቶ አልለመነባትም፤ ሥራ ላይ ነበረች።

አሁን በአማራ ክልል ያለው ጦርነት እንግዶቹን አርቋቸዋል። ደብሩ ግን ማሕሌቱን አላቋረጠም፣ ሰንበቴውም አልተበተነም። ሰላም ሲወርድ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ከወዲሁ እንነጋገር። እንግዳው እንደማንኛችንም ሣሩ ላይ ይቀመጥ፤ የሚሰጠው ካለ ሙዳየ ምጽዋት አለ። ልጆቹን የሚያነሳ ሰው መጀመሪያ የኔታን ያስፈቅድ። ከመለመናችንም በፊት የባለፈው ጉባኤ ሒሳብ በዚያው ማይክ ይነበብልን፦ ስንት ገባ፣ ስንቱ ለቆርቆሮ ዋለ፣ ስንቱ ለግብዣ ወጣ። ለእንግዳው የታረደው በግ ዋጋም አይዘለል።